ተኝቶ ያደረ ውኃ

አማርኛን በመማር ላይ ለምትገኙ የሥራ ባልደረቦቼ አስቀድሜ አንድ ነገር ልግለጽ፦ እኔም እንደ እናንተ አማርኛን ያገኘሁት ከእናቴ ጕያ ሳይሆን ከመምህር እጅ ነው። የተወለድሁት ትግርኛ በሚነገርበት አገር፣ የተማርሁትም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ ብዙዎቹ የአማርኛ ቃላት ወደ እኔ የመጡት አንድ በአንድ፣ እንደ እንግዳ በር እያንኳኩ ነው። ከእነዚያም እንግዶች መካከል እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስደንቀኝ «እርሳስ» የሚለው ቃል ነው።

ልጅ ሳለሁ እርሳስ ማለት የምንጽፍበት እንጨት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን እርሳስ ተብሎ የሚጠራ፣ ከባድና ለስላሳ፣ በእሳትም ቶሎ የሚቀልጥ ማዕድን እንዳለ ተማርሁ፤ በመጻፊያው እንጨት ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ እንጂ እርሳስ አለመሆኑን ባወቅሁ ጊዜ ደግሞ መደነቄ በረታ። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ሶማሌዎች «ራሳስ» ሲሉ ጥይትን ማለታቸው ነው፤ እኛም በትግርኛ «ዓረር»፣ በአማርኛም «አረር» ስንል ማዕድኑንና ጥይቱን በአንድ ስም እንጠራለን። እንግዲህ አንዱ ሕዝብ የሚጽፍበትን፣ ሌላው የሚዋጋበትን በዚህ ማዕድን ስም ጠራ። ሦስተኛውን መልኩን፣ ማለት የሚጠጣውን እርሳስ፣ ያወቅሁት ግን በሐርጌሳ፣ በገዛ ማድ ቤቴ ውስጥ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቴ ወደ ሶማሌላንድ ዋና ከተማ ወደ ሐርጌሳ ላከኝ። ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ጧትና ማታ ነፋሷ የሚያስደስት ከተማ ናት። እንግሊዞች የግዛታቸውን ዋና ከተማ ከበርበራ ወደ እርስዋ ያዛወሩት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ከምድርም ከአየርም ተደብድባ የቤቶቿ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ ነበር፤ በመካከሏ በዐምድ ላይ የቆመው የጦር አውሮፕላን ያንን ዘመን ያስታውሳል። በከተማዪቱ መካከል የሚያልፈው ወንዝ ዝናም ካልዘነመ በቀር አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደረቅ ሸለቆ ነው። ስለዚህ የሐርጌሳ ሰው የሚጠጣው ውኃ የሚመጣው ከሩቅ ነው።

የውኃው ዋና ምንጭ ከከተማዪቱ በስተ ሰሜን፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘው የጌድ ዴብሌ የጕድጓድ ቦታ ነው። ይህ ሥራ በ1970ዎቹ ዓመታት (በአውሮጳውያን አቈጣጠር) በቻይና መንግሥት ርዳታ ተሠራ፤ ውኃውም በሞተር ኃይል እየተገፋ ወደ ከተማው ይወጣል። ከጦርነቱ በኋላ የተሰደደው ሕዝብ ሲመለስና ሌላውም ሲጨመር ከተማዪቱ ያ ቧንቧ ሲዘረጋ ከታሰበላት ቍጥር እጅግ አልፋ ሄደች። በ2010ዎቹ ዓመታት በአውሮጳ ኅብረት ገንዘብ ዋናው ቧንቧ በአዲስና በሰፊ እንዲተካ ብዙ ተደክሟል። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ቤት ውኃውን የሚያገኘው ከቦቴ መኪናና በአህያ ጋሪ ላይ ከተጫነ በርሜል በመግዛት ነው።

እኔ የተከራየሁት ቤት የሚገኘው ጂግጂጋ የር፣ ማለት «ትንሿ ጂግጂጋ» በሚባለው ሰፈር ነው። በእግዚአብሔር ቸርነት ቧንቧ የገባለት ቤት ነበር። ውኃው በየተወሰነ ቀን ሲመጣ በጣራ ላይ ያለው በርሜል ይሞላል፤ ከዚያም በቀጭን ቧንቧ ወደ ማድ ቤት ይወርዳል። በገባን በጥቂት ወር ውስጥ የማድ ቤቱ ሩቢኔት፣ ማለት የቧንቧው መክፈቻና መዝጊያ፣ ማንጠባጠብ ጀመረ። እኔም ወደ ገበያ ወርጄ፣ ከነጋዴው ጋር ብዙ ተከራክሬ፣ እንደ ብር የሚያበራ አዲስ ሩቢኔት በርካሽ ዋጋ ገዛሁና በገዛ እጄ አሰርሁት። ጸሓፊ ሆኜ እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ መሥራቴ እጅግ አኵርቶኝ ነበር። ቤታችን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ሳላሳየው አልቀረሁም።

በዚያው ሰሞን የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደች። የእናቷ ወተት ባነሰ ጊዜ ሐኪም የዱቄት ወተት እንድንጨምርላት አዘዘን። ባለቤቴ ማለዳ ተነሥታ ቧንቧውን ትከፍትና ጥቂት ውኃ ካፈሰሰች በኋላ ማንቆርቆሪያውን ትሞላ ነበር። እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ ተቈጣሁ። «ውኃ በጀሪካን በሚሸጥበት ከተማ ውኃ ማፍሰስ ኃጢአት ነው፤ ከፊተኛው ጠብታ ጀምረሽ ቅጂ» አልኋት። እርስዋም ክርክር ስለማትወድ እንዳልሁት አደረገች። ውኃው በደንብ ይፈላ ስለ ነበር፣ የፈላ ውኃ ደግሞ ንጹሕ ነው ብለን ስላመንን፣ ሌላ ሐሳብ በልባችን አልገባም። ይህ ስምንት ወር ያህል ቈየ።

አንድ ቀን የውኃ ሥራ ባለሙያ የሆነ ሶማሌ ወዳጄ ሻይ ሊጠጣ ወደ ቤታችን መጣ። እንደ ልማዴ ሩቢኔቴን አሳየሁት። እርሱ ግን ሩቢኔቱን ትቶ ከሥሩ ያለውን ነጭ የዕቃ ማጠቢያ ተመለከተና፣

«ወንድሜ፣ ይህ አረንጓዴ ምልክት ምን ይመስልሃል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ዝገት ነዋ» አልሁት።

«መዳብ ነው» አለኝ። «መዳብ ደግ ጠላት ነው፤ ቀለሙን ያሳያል፣ ሲበዛም አፍን ያመርራል። ከእርሱ ጋር አብሮ የሚጓዘው ግን ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለው። ሕፃኒቱ የምትጠጣው ከዚህ ነው?»

ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ ትዝ አይለኝም። የባለቤቴ ፊት ግን እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ወዳጄ ያስረዳኝን ነገር ለአንባቢ በአጭሩ ልጻፍ። ሩቢኔት የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከናስ ነው። ናስ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠሩት ብረት ነው፤ በመሣሪያ ለመቅረጽ እንዲመች ደግሞ ጥቂት እርሳስ ይጨመርበታል። ከላይ ያለው የሚያበራ ቅብ ውጭውን ያሳምራል እንጂ ውኃው የሚነካውን ውስጡን አይለውጥም። እንዲሁም የመዳብ ቧንቧዎችን ለማጋጠም በብዙ አገር ለብዙ ዘመን ያገለገለው መበየጃ የቆርቆሮና የእርሳስ ድብልቅ ነበር። በአንዳንድ የቈየ ከተማ ደግሞ ከመንገዱ ወደ ቤቱ የሚገባው ቧንቧ ራሱ ጥሩ እርሳስ ነው። ሮማውያን በእርሳስ ቧንቧ ይጠቀሙ ነበር፤ ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ቪትሩቪዩስ የተባለው መሐንዲሳቸው የእርሳስ ሠራተኞችን የገረጣ ፊት አይቶ የሸክላ ቧንቧ ይሻላል ብሎ ጽፏል። ምክሩ ሳይሰማ ሁለት ሺህ ዓመት አለፈ።

ውኃ ደግሞ በባሕርዩ ሟሟቂ ነው። የሚፈስስ ውኃ ቧንቧውን ነክቶ ያልፋል፤ የቆመ ውኃ ግን ከብረቱ ጋር ያድራል፣ በየሰዓቱም ጥቂት ጥቂት ይወስዳል። አሲድነት ያለው ውኃ ይልቁን ይወስዳል፤ ሙቅ ውኃም ከቀዝቃዛው ይልቅ ይወስዳል። ኖራማ የሆነ ውኃ በቧንቧው ውስጥ ቅርፊት እየሠራ አንዳንድ ጊዜ ይከላከላል፤ ነገር ግን የውኃው ጠባይ ሲለወጥ ያ ቅርፊት ሊለቅ ይችላል። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ እርሳስ ግን ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ አይሞትም። እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ የቀረው ውኃ እርሳሱን ይዞ ይወፍራል። እንግዲህ እኔ «ከፊተኛው ጠብታ ጀምሪ፣ በደንብም አፍዪው» ብዬ ሳዝ፣ ለልጄ ከሌሊቱ ውኃ ክፉውን መርጬ፣ እርሱንም አክርሬ መስጠቴ ነበር።

እርሳስ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በካልሲየም መንገድ ይሄዳል፤ በአጥንትም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይከማቻል። ነፍሰ ጡር ሴት በልጅነቷ ያከማቸችውን ከአጥንቷ ወደ ጽንሱ ልታስተላልፍ ትችላለች። ሕፃን ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከዐዋቂ ሰው ከ4 እስከ 5 ጊዜ የሚበልጥ ነው፤ ብረትና ካልሲየም የጐደለው ምግብ የሚበላ ልጅ ደግሞ ይብስበታል። ጕዳቱ የሚታየው በሆድ ሕመም ብቻ አይደለም፤ በአእምሮ ዕድገት፣ በትምህርት፣ በጠባይ ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ጕዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ለመጠጥ ውኃ ግን ለሥራ የሚሆን ወሰን አስቀምጧል፦ በአንድ ሊትር ውስጥ እርሳስ ከ10 ማይክሮግራም፣ መዳብ ደግሞ ከ2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ። ይህ 10 ማይክሮግራም ምን ያህል ጥቂት መሆኑን ለመረዳት እንዲህ አስቡ፦ 10,000 ሊትር የሚይዙ 10 ቦቴ መኪናዎች ተሰልፈው ቢቆሙና አንድ ግራም እርሳስ ለሁሉም ቢከፋፈል፣ የዐሥሩም መኪና ውኃ ከወሰኑ ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ነገር ዓይንም ምላስም አያገኘውም። የሚያገኘው ምርመራ ብቻ ነው።

ምርመራውን ለማድረግ ቈረጥን። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ከአንድ ቅጽ ጋር ሰጠን። ሥርዐቱ ቀላል ነው፦ ማታ ከተኙ በኋላ ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል በቤቱ ውስጥ ማንም ሰው ውኃ እንዳይከፍት፤ ማለዳ ከማድ ቤቱ ቀዝቃዛ ቧንቧ የፊተኛው አንድ ሊትር ሳይፈስስ በቀጥታ ወደ ጠርሙሱ ይቀዳ፤ ከዚያም ውኃው ጥቂት ከፈሰሰ በኋላ ሁለተኛው ጠርሙስ ይሞላ። ወዳጄ በጣራው ላይ ካለው በርሜል ሦስተኛ ጠርሙስ እንድጨምር መከረኝ። ምክንያቱም ሦስቱ ጠርሙሶች ሲነጻጸሩ እርሳሱ ከሩቅ የመጣ ወይም ከቤት የተወለደ መሆኑን ይናገራሉ።

በመጀመሪያው ሌሊት ሕፃኒቱ ስላለቀሰች ባለቤቴ በዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ቧንቧውን ከፈተች። ማለዳ ይህንን ስትነግረኝ ጠርሙሱ ሞልቶ፣ እኔም ቅጹን ይዤ ተቀምጬ ነበር። በቅጹ ላይ «ውኃው ሳይከፈት የቈየበት ሰዓት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። የሚጓዘው ሰው በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እውነቱን ልናገር፤ እጄ «6» ብሎ ሊጽፍ ተንቀሳቀሰ። ቅጽን በሚያምር አሞላል መሙላት የሙያዬ ልማድ ነው፤ ይልቁንም በልቤ ውስጥ ቍጥሩ ትንሽ ሆኖ እንዲመጣ የሚሻ ፈሪ ሰው ነበረ። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ ቆማ፣ «ለማን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። ጠርሙሱን ደፋሁት። በማግስቱ ማታ ለሌሊት የሚበቃ ውኃ በጀሪካን ቀድተን አስቀመጥን፤ ለሩቢኔቱም በጨርቅ ጠቀለልንለት፣ ማንም በስሕተት እንዳይከፍተው። ማለዳ የቀዳሁት ውኃ እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። ጠርሙሶቹ ከአንድ ሳምንት በኋላ በሌላ መንገደኛ እጅ ሄዱ።

መልሱን በምንጠባበቅበት ጊዜ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ እርሳስና ስለ መዳብ አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር። በዚህ ደንብ መሠረት የውኃ መሥሪያ ቤቶች ውኃውን በማጣሪያው ቦታ ብቻ ሳይሆን በሰዎች ማድ ቤት ውስጥ እንዲመረምሩ ታዘዙ። ውጤቶቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራሉ፤ 100 ቤቶች ቢሆኑ በ90ኛው ላይ የቆመው ቍጥር ይታያል። ያ ቍጥር ለእርሳስ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም፣ ለመዳብ ከ1.3 ሚሊግራም ያለፈ እንደ ሆነ መሥሪያ ቤቱ መድኀኒት መፈለግ ግዴታው ነው።

ነገር ግን ደንብ ብቻውን አያድንም። በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ፍሊንት የተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ገንዘብ ለመቈጠብ ስትል ከዲትሮይት ስትገዛው የነበረውን ውኃ ትታ ከራስዋ ወንዝ መቅዳት ጀመረች። ቧንቧው እንዳይበላ የሚከላከለው መድኀኒት አልተጨመረበትም፤ በአሮጌዎቹ ቧንቧዎች ውስጥ የነበረው ቅርፊት ለቀቀ፤ እርሳሱም ወደ ውኃው ገባ። ሊአን ዋልተርስ የተባለች እናት ስለ ልጆቿ ጮኸች፤ ማርክ ኤድዋርድስ የተባለው የዩኒቨርሲቲ መምህር የውኃውን፣ ሞና ሐና አቲሻ የተባለችው የሕፃናት ሐኪም የሕፃናቱን ደም ነገር ገለጡ። ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው ግን ይህ ነው፤ ነዋሪዎቹ ናሙና ከመቅዳታቸው በፊት ቧንቧውን ከፍተው ውኃ እንዲያፈስሱ ተመክረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015ም እርሳስ የበዛባቸው ሁለት ጠርሙሶች ከቍጥር እንዲወጡ ተደረገ፤ በዚህም የከተማዪቱ ቍጥር ከ15 በታች ሆነ። ሁለት ጠርሙስ ብቻ! እኔም በአንድ ጠርሙስ ተፈትኜ ስለ ነበር በእነዚያ ጸሓፊዎች ላይ ለመፍረድ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልቻልሁም።

መልሱ ከአራት ሳምንት በኋላ መጣ። ማለዳ የተቀዳው የፊተኛው ጠርሙስ ከወሰኑ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ውኃው ከፈሰሰ በኋላ የተቀዳው ከወሰኑ በታች፣ ከጣራው በርሜል የተቀዳውም እንዲሁ ከወሰኑ እጅግ የራቀ ነበር። እንግዲህ ውኃው ወደ ቤታችን የገባው ደኅና ሆኖ ነው። ጕድጓዱ፣ ሞተሩ፣ ረጅሙ ቧንቧ፣ ይህን ሁሉ ድካም የደከሙት ሰዎች በዚህ በደል የለባቸውም። መርዙ የተጨመረው በመጨረሻው ስንዝር፣ እኔ ተከራክሬ በገዛሁት፣ በገዛ እጄም ባሰርሁት ሩቢኔት ውስጥ ነው።

ሕፃኒቱን ወደ ሐኪም ወሰድናት፤ ደሟም ተመረመረ። ሐኪሙ እርሳስ መገኘቱን፣ መጠኑ ግን መድኀኒት የሚያሰጥ አለመሆኑን ነገረን። «ምንጩን አስወግዱ፤ ብረትና ካልሲየም ያለበት ምግብ አብሏት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግማችሁ አምጧት» አለን። በሁለተኛው ምርመራ ቍጥሩ ቀንሶ ተገኘ። ልጄ ዛሬ ትሮጣለች፣ በሦስት ቋንቋ ትለፈልፋለች። ነገር ግን አንድ ቃል ስታጥፍ ወይም አንድ ነገር ስትረሳ፣ ሌላ አባት የሚስቅበትን ነገር እኔ ዝም ብዬ አስባለሁ። ይህ ሐሳብ ምናልባት ከእኔ ጋር ይኖራል።

ይህን ነገር ለጎረቤታችን ነገርኋቸው። እርሳቸው ሸምገል ያሉ፣ በአገሩ ልማድ «ኤዶ»፣ ማለት አክስቴ ብለን የምንጠራቸው ሴት ናቸው። በ1988 ቦምቡ ሲወርድ ልጆቻቸውን ይዘው በእግራቸው ሸሽተው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በሐርታ ሼክ የስደተኞች ሰፈር ብዙ ዓመት ስለ ኖሩ ጥቂት አማርኛ ያውቃሉ። ውኃቸውን የሚገዙት ከአህያ ጋሪ ነው። ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ልጄ፣ አንተ በውኃው ውስጥ ስላለው ትጨነቃለህ፤ እኛ ደግሞ ውኃው ይመጣ እንደ ሆነ እንጨነቃለን» አሉኝ።

ይህ ቃል ብዙ ቀን ሲመላለስብኝ ቈየ፤ እውነት ነውና። ጥማትና ኮሌራ በቀን ይገድላሉ፤ እርሳስ ግን በዓመታት ያደክማል። ስለ እርሳስ ተፈርቶ የቧንቧ ውኃን ትቶ ወደ ቈሸሸ ኩሬ የሚመለስ ሰው ከጅብ ሸሽቶ ወደ አንበሳ የሚሄድ ነው። ከዚህም ጋር እርሳስ የሚገባው በውኃ ብቻ አይደለም፤ በአንዳንድ ቀለም፣ በአሮጌ ባትሪ መቅለጫ፣ በአንዳንድ የዓይን ኩልም ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን የኤዶን ቃል ሳሰላስል አንድ ሌላ ነገር ታየኝ። እርሳቸው የሚጠብቁት ቧንቧ ገና ሊዘረጋ ነው። ቤታቸው ውኃ የሚገባበት ቀን፣ ሩቢኔታቸው የሚመረጥበትም ቀን ነው። በአሜሪካ አሮጌውን የእርሳስ ቧንቧ ሁሉ በ10 ዓመት ውስጥ ቈፍሮ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ2024 ደንብ ወጣ፤ ይህም ታላቅ ሀብት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ገና የምትሠራ ከተማ ግን ይህን ዕዳ ሳትገባበት ማለፍ ትችላለች። ዘግይቶ መምጣት የሚጠቅመው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

በአገራችን ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ባስገቡ ጊዜ ሕዝቡ ተደነቀ። ውኃ ሲመጣ የማይደነቅ የለም። የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ግን ከመደነቁ በኋላ ያለው ነው። ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በጨረታው ወረቀት ላይ የናሱ የእርሳስ መጠን ምን ያህል መሆን እንዳለበት መጻፍ ይችላል፤ የአሜሪካ ሕግ ከ2014 ጀምሮ ውኃ በሚነካው የዕቃው ክፍል ላይ ከመቶ 0.25 እንዳይበልጥ ወስኗል። ጕምሩክ ከሚገባው ዕቃ ጥቂቱን አንሥቶ ማስመርመር ይችላል። የከተማ ውኃ መሥሪያ ቤት ከአሮጌውም ከአዲሱም ቤት ጥቂት ጥቂት መርጦ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የማለዳውን ሊትር ሊለቅም ይችላል። የጕድጓድ ምርመራ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን እርሳስ የሚገባው በመጨረሻ ስለ ሆነ፣ የጕድጓዱ ወረቀት ስለ ማድ ቤቱ አይመሰክርም።

ለቤተ ሰብ ደግሞ ምክሬ ይህ ነው። ውኃ ተኝቶ ካደረ የፊተኛውን ለመጠጥና ለሕፃን ምግብ አታድርጉት። አትድፉትም፤ በባልዲ ተቀብላችሁ ወለል እጠቡበት፣ ልብስ ዘፍዝፉበት። በዚህ ዓይነት በሐርጌሳም ሆነ በሌላ ውኃ በሚወደድበት ከተማ አንዲት ጠብታ አትጠፋም። ለምግብ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን ቅዱ። ከሩቢኔት በታች አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ምልክት ካያችሁ መዳቡ እየተናገረ ነውና ስሙት። ምልክት ባይኖርም ግን እርሳስ የለም ማለት አይደለም።

ይህን ስጽፍ የሚሲዮን ትምህርት ቤታችንን አትክልት ይጠብቁ የነበሩት አንዲት ባሕር ማዶኛ አሮጊት መነኵሲት ትዝ አሉኝ። በየማለዳው ከቧንቧው የሚወርደውን የፊተኛውን ውኃ በባልዲ ተቀብለው በጽጌረዳው ሥር ያፈስሱ ነበር፤ የእኛን የመጠጥ እንስራ የሚሞሉት ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱን በጠየቅናቸው ጊዜ፣ «ውኃው ተኝቶ አድሯል፤ ይንቃ» ብለው ይመልሱልን ነበር። እኛም የአሮጊት ልማድ ነው እያልን እንስቅ ነበር። ምናልባት ያደጉበት ቤት ቧንቧ ምን እንደ ነበረ ያውቁ ይሆናል። ባለቤቴም ያልተማረችውን ይህንኑ ታደርግ ነበር፤ ያስተዋትም የእኔ ቍጠባ ነው።

አሁን በማድ ቤታችን አዲስ ሩቢኔት አለ። ከመግዛቴ በፊት ከነጋዴው ጋር ስለ ዋጋው አልተከራከርሁም፤ ከምን እንደ ተሠራ ግን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። ከታሰረ በኋላም የማለዳውን ሊትር እንደገና ልከን ደኅና መሆኑን በወረቀት አረጋገጥን። ማለዳ ማለዳ ባለቤቴ ባልዲውን ከሥሩ ታኖርና ቧንቧውን ትከፍታለች። እኔም ከእርስዋ ጋር ቆሜ፣ ውኃው እስኪነቃ ድረስ እጠብቃለሁ።